ሆርሞን፣ ቫይታሚን ወይስ ተልባ? ካረጡ በኋላ ለአእምሮ የሚሆነውን መምረጥ

አንዲት እናት ሁለት ጠርሙሶች ከፌስታል አውጥተው የፋርማሲው መስታወት ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። አንዱ ቫይታሚን ኢ 400 ነው። ሌላው ላይ የአንጎል ሥዕል አለ፤ ውስጡ የብዙ ነገር ቅልቅል ነው። ልጃቸው ከሳውዲ ነው የላከችላቸው።

«ዶክተር፣ የቱን ልውሰድ?» አሉኝ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ ጅማ ግን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ይባላል።

«ምን ሆነው ነው እትዬ?»

«እረሳለሁ። ቡናውን እቆላለሁ፣ ለማን እንደቆላሁት ይጠፋኛል። ሌሊት ላብ በላብ ሆኜ እነቃለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ ቫይታሚኑን ተይው፣ ሆርሞን ነው የሚሻልሽ አለችኝ።»

አበባቸው መቼ እንደቆመ ጠየቅኳቸው። ቀኑን አላስታወሱም። ትንሽ አሰቡና «ሁለት ረመዳን ሙሉውን ጾሜያለሁ፣ ቀዷ የለብኝም» አሉ። በወር አበባ ምክንያት ያልተጾመው ቀን በኋላ ስለሚካካስ ሴቶች ቆጥረው ይይዙታል። ቀዷ የሌለበት ረመዳን ማለት አበባ ያልመጣበት ወር ነው። ዕድሜያቸው 52 ነው። ይቺን ቁጥር ያዙልኝ። ከታች የምነግራችሁ ምርጫ ሁሉ የሚዞረው በእሷ ላይ ነው።

ምድጃው፣ ፍንጣሪውና ጠባቂዎቹ

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው። ሰውነታችን ከሚጠቀመው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ይህን ሁሉ የሚያነደው ሚቶኮንድሪያ በሚባሉ ጥቃቅን የሴል ምድጃዎች ውስጥ ነው። ከሰል ሲቀጣጠል ፍንጣሪ እንደሚወጣው፣ ከእነዚህ ምድጃዎችም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ፍንጣሪዎች ይወጣሉ። ይህ በጤነኛ ሰውም ላይ ያለ ነገር ነው።

ሰውነት ጠባቂ አለው። ሱፐርኦክሳይድ ዲስሙቴዝ የሚባለው ኢንዛይም የመጀመሪያውን ፍንጣሪ ይይዝና ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። አዎ፣ ቁስል ላይ አፍስሰን አረፋ የሚያወጣው ያው ነገር ነው። ከዚያ ካታሌዝና ግሉታታዮን ፐርኦክሲዴዝ ተረክበው ውሃ ያደርጉታል። ፍንጣሪው በዝቶ ጠባቂው ሲያንስ ኦክሲዳቲቭ ስትረስ ይባላል። አንጎል ለዚህ ተጋላጭ ነው። ቶሎ የሚበላሽ ስብ ይበዛበታል። ብረት አለበት፤ ብረት ደግሞ ፐርኦክሳይዱን ወደ ባሰ ፍንጣሪ ይለውጠዋል። ጠባቂዎቹም ከሌላው የሰውነት ክፍል አንጻር ብዙ አይደሉም።

ዋናው የሴት ሆርሞን፣ ኢስትሮጅን፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ኢስትሮጅን አንቲኦክሲዳንት ነው» ሲባል ሰምቶ እንደ ቫይታሚን ያስበዋል። በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ፣ መጠኑ ሲበዛ፣ እውነትም ፍንጣሪውን በቀጥታ ይይዛል። በሴት ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ በዚያ መጠን ፍንጣሪ ለቅሞ አይጨርስም። ዋናው ሥራው ሌላ ነው። ሴሉ ላይ ያሉትን ተቀባዮች ይነካል። ተቀባዮቹ ጠባቂዎቹ እንዲበዙ ትእዛዝ ያስተላልፋሉ፣ ምድጃውም በደንብ እንዲነድ ያደርጋሉ። በአይጦች ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። የሴቷ አይጥ ሚቶኮንድሪያ ከወንዱ ያነሰ ፐርኦክሳይድ ያወጣል። እንቁላል ማምረቻዋ ሲወጣ ፐርኦክሳይዱ ይጨምራል። ኢስትሮጅን ሲመለስላት መልሶ ይቀንሳል።

እንግዲህ አንዷ ስታርጥ የምታጣው ፍንጣሪ ለቃሚ አይደለም። ጠባቂዎቹን የሚጠራውን ነው የምታጣው። ጠርሙስ ሙሉ ቫይታሚን የሆርሞንን ቦታ የማይተካው ለዚህ ነው። ሆርሞኑም ቢሆን በፈለግነው ጊዜ ሲሰጥ ያንኑ ሥራ አይሠራም።

ሆርሞን፦ ለማን፣ መቼ፣ በምን መልኩ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፤ ሰው የሚሳሳተውም የሚፈራውም እዚህ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከ2002 በፊት በብዙ ሀገር ሐኪሞች ሆርሞንን ያረጠች ሴት ሁሉ ብትወስደው ልብንም አእምሮንም ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የሴቶች ጤና ጅምር የሚባለው ትልቅ ጥናት 16,608 ማህፀናቸው ያልወጣ ሴቶችን ይዞ ለግማሽ ያህሉ ኢስትሮጅንንና ፕሮጀስቲን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሆርሞን ቀላቅሎ ሰጠ። አማካይ ዕድሜያቸው 63 ነበር። የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት ስጋት ስለጨመረ ይህ ክፍል በ2002 ተቋረጠ። በ2003 የአእምሮው ውጤት ወጣ። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ ቅልቅሉን የወሰዱት፣ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ወደ እጥፍ ሆነ። በቁጥር ሲታይ በዓመት ከ10,000 ሴቶች መሀል 23 ተጨማሪ ታማሚ ማለት ነው። ዓለም ደነገጠ። ብዙ ሴቶች መድኃኒታቸውን ጣሉ።

በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ተነሳ። ካረጡ ከአሥር ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ለጀመሩ ሴቶች የወጣ ውጤት ትናንት ላረጠች ሴት ይሠራል ወይ? በ2016 የወጣ ጥናት ካረጡ ስድስት ዓመት ያልሞላቸውንና አሥር ዓመት ያለፋቸውን ለያይቶ አየ። ቀድመው በጀመሩት ላይ የአንገት ደም ሥር ግድግዳ መወፈሩ ዘገየ። ዘግይተው በጀመሩት ላይ አልዘገየም። የላብራቶሪው ማብራሪያም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሴሉ ጤነኛ ሳለ ኢስትሮጅን ይጠቅመዋል። ከተጎዳና ተቀባዮቹ ከተለወጡ በኋላ ግን ትእዛዙን የሚሰማ የለም፤ አንዳንዴም ይጎዳዋል።

ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ቶሎ ልጀምር፣ እንዳልረሳ» እንዳትሉ። ቀድመው ለጀመሩትም ቢሆን የማስታወስ ፈተናው ላይ የታየ ጥቅም የለም። ካረጡ ሦስት ዓመት ያልሞላቸውን ሴቶች ለአራት ዓመት የተከታተለ ጥናት በ2015 ያገኘው ውጤት አልጠቀመም፣ አልጎዳም የሚል ነው። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲታዩም መልሱ ያው ነው። ለአእምሮ ተብሎ ብቻ ሆርሞን አይጀመርም። ፍርዴ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን ይወሰዳል? ለላቡና ለወበቁ። ለእሱ ከሆርሞን የሚበልጥ መድኃኒት የለም። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ በላብ የምትነቃ ሴት በማግስቱ ብትረሳ ምን ይገርማል? እንቅልፏ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሐሳቧም ይሰበሰባል። ዕድሜዋ ከ60 በታች ከሆነ፣ ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ካልሞላት፣ የሚከለክላትም ነገር ከሌለ፣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መጀመር የሚገባ ምርጫ ነው። ከ65 በኋላ እንደ አዲስ መጀመርን ግን አልመክርም።

ከ40 ዓመቷ በፊት ያረጠች ወይም በኦፕሬሽን እንቁላል ማምረቻዎቿ የወጡባት ልጅ ከዚህ ሁሉ ትለያለች። የእሷ አንጎል፣ አጥንትና ልብ ያለጊዜያቸው ነው ሆርሞኑን ያጡት። የሚከለክላት በሽታ ከሌለ፣ በተፈጥሮ እስከሚታረጥበት 50 ዓመት አካባቢ ድረስ ብትወስድ ነው የሚመከረው። «ገና ልጅ ነሽ፣ ሆርሞን ምን ያደርግልሻል» የሚል ሰው ቢገጥማት ሌላ ሐኪም ትጠይቅ።

በመልኩ ደግሞ ይለያያል። የሚዋጠው ኪኒን ወደ ደም ከመሰራጨቱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ጉበት ደም የሚያረጉ ነገሮችን እንዲያበዛ ያነሳሳዋል። ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ወይም የሚቀባው ይህን መንገድ ስለሚዘል በተለመደው መጠን የደም መርጋት ስጋትን ሲጨምር አልታየም። ምርጫው ካለ፣ በተለይ ለወፍራም ሴት፣ የሚለጠፈውን አስቀድማለሁ። ማህፀኗ ያለ ሴት ኢስትሮጅንን ለብቻው መውሰድ የለባትም፤ የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ስጋት ያመጣል። ፕሮጀስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን ይጨመርላታል። እሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አይደለም። በ2002 የተቋረጠው ጥናት የተጠቀመው ሜድሮክሲፕሮጀስትሮን የሚባለውን ሰው ሠራሽ ነበር። በላብራቶሪ ይህኛው ኢስትሮጅን ለነርቭ ሴል የሚያደርገውን ጥበቃ ሲያከስም ታይቷል፤ ከተፈጥሮው ጋር የሚመሳሰለው ፕሮጀስትሮን ግን አላከሰመም። ይህኛው ማታ ሲወሰድ እንቅልፍም ያመጣል፤ አንጎል ውስጥ ወደሚያረጋጋ ነገር ስለሚለወጥ ነው።

የላብራቶሪ ውጤት እንዳያሳስታችሁ ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ፕሮጀስትሮን ጭንቅላታቸው በተመታ አይጦች ላይ ኦክሲዳቲቭ ስትረስን ቀንሶ፣ እብጠቱን ቀንሶ፣ ተስፋ ሆኖ ነበር። በ2014 ሁለት ትልልቅ ጥናቶች አንዱ በ882፣ ሌላው በ1,195 የአደጋ ተጎጂዎች ላይ ሞከሩት። ሁለቱም ምንም ጥቅም አላገኙም። «በአይጥ ተረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሁለት ሺህ ሰዎች ትዝ ይሉኛል።

የጡት ካንሰር የነበረባት፣ እግሯ ወይም ሳንባዋ ውስጥ ደም የረጋባት፣ ስትሮክ የመታት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከማህፀኗ የሚፈሳት ሴት ሆርሞኑን አትጀምር። ካረጡ በኋላ ደም ማየት ራሱ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው። አንድ ሌላም አደራ አለኝ። የልጃችሁን የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን «ያው ሆርሞን ነው» ብላችሁ አትዋጡ። ውስጡ ያለው ኢስትሮጅን ለማረጥ ከሚሰጠው በጣም ይበረታል፤ ግፊት ላለባት የ50 ዓመት ሴት አደገኛ ነው።

የጠርሙሱ ቫይታሚን

እዚህ አጭር ነኝ፣ መልሴ ግልጽ ስለሆነ። ገንዘባችሁን አስቀምጡ።

ከ7,500 በላይ ወንዶችን የያዘ ጥናት ቫይታሚን ኢን ለዓመታት መውሰድ የመርሳት በሽታን ይቀንስ እንደሆነ አየ። በ2017 የወጣው መልስ አልቀነሰም ነው። በዚያው የጥናት ቤተሰብ ውስጥ፣ በቀን 400 ዩኒት የወሰዱት ወንዶች የፕሮስቴት ካንሰራቸው 17 በመቶ ጨምሮ ተገኘ። 400 ማለት እትዬ መስታወቱ ላይ ያቆሙት ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። የእሳቸው ስጋት ፕሮስቴት አይደለም፤ ግን «ቫይታሚን አይጎዳም» የሚለው አባባል እውነት እንዳልሆነ ያሳያል። በዛ ሲል ደም ያቀጥናል፤ አስፕሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ ለምትወስዱ ይህ ቀላል አይደለም። እርግጥ አልዛይመር ለያዛቸው ሰዎች በሐኪም ክትትል በቀን 2,000 ዩኒት ተሰጥቶ የዕለት ተዕለት ሥራ የመሥራት አቅማቸው መድከሙን ትንሽ አዘግይቷል። ያ ግን የታማሚ ሕክምና ነው። ጤነኛን አልጠበቀም።

ለምን አልሠራም ለሚል፣ ምክንያቱ ፍንጣሪው ሁሉ ጠላት አለመሆኑ ነው። ጥቂቱ መልእክት ነው፤ ጠባቂዎቹን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው። በ2009 የወጣ ጥናት ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶችን ለሁለት ከፈለ። ቫይታሚን ሲና ኢን በብዛት የወሰዱት ከስፖርቱ የሚገኘው ጥቅም፣ የጠባቂ ኢንዛይሞቹ መጨመርም ጭምር፣ ቀረባቸው። ሳይወስዱ የሠሩት አገኙት።

የብረት ኪኒን ሌላው ነው። «ደክሞኛል» ብላ ብረት የምትገዛ ያረጠች ሴት ብዙ ናት። አበባ ሲቆም በየወሩ የሚፈሰው ብረት ሰውነት ውስጥ ይከማቻል። ብረት አንጎል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ከላይ አይታችኋል። ደም ተመርምሮ ማነሱ ሳይታወቅ አይወሰድም።

ተልባ፣ አኩሪ አተርና ቡና

ተልባ ሊግናን የሚባል ነገር በብዛት አለው፤ ከምናውቃቸው ምግቦች ቀዳሚው ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች ደካማ ኢስትሮጅን ወደሚመስል ነገር ይለውጡታል። አኩሪ አተርም ኢስትሮጅን መሰል ነገር አለው። ወበቁን በተመለከተ አኩሪ አተር ለአንዳንዷ ትንሽ ይቀንስላታል፤ ተልባ በ2012 ሲፈተሽ ከባዶው ማነጻጸሪያ አልበለጠም። ቢሆንም ተልባን ብሉ። ጥሩ ስብ አለው፣ ሆድ ያለሰልሳል፣ ርካሽ ነው። የሆርሞን ምትክ ብላችሁ ግን አትጠብቁት። አቮካዶውም በወቅቱ እንደ ልብ ነው፤ የምግብ ቫይታሚን ኢ ከጠርሙሱ የተለየ ነው፣ መጠኑም ልከኛ ነው።

ቡናን የጅማ ሰው ተው ብዬ ልመክር አልችልም፣ አስፈላጊም አይደለም። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል አንቲኦክሲዳንት አለው። ጥያቄው ሰዓቱ ነው። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ከቀኑ አሥር ሰዓት አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣች ሴት እኩለ ሌሊት ላይ የምትነቃው በላቡ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠጡ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ተዉት። ትኩስ ሲጠጡ ወበቁ የሚነሳባቸውም አሉ። ስትቆሉ ደግሞ በርና መስኮት ክፈቱ። የከሰሉ፣ የቆላውና የዕጣኑ ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲታፈን ሳንባ ይደርሳል፤ ከሳንባ ደም፣ ከደም አንጎል። ፍንጣሪ ከውጭ እየጨመሩ ቫይታሚን መዋጥ ዋጋ የለውም።

ጫትም እንዲሁ። ከሰዓት የሚቃም ሰው እንቅልፉ ይሸሻል፣ ምግቡ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ሆርሞን ልትጀምር ያሰበች ሴት የምትቅም ከሆነ ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር። የሚፈርድባት የለም፣ መጠኑንና መልኩን ለመምረጥ ይጠቅማል።

ጠባቂዎቹን በነፃ የሚጠራው

መራመድ ነው። የተለመደው ምክር በሳምንት 150 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን ግን ከማውራት የማያግድ እርምጃ ነው። የጅሬንን ዳገት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከጓደኛ ጋር የወጣ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ጡንቻ ሲሠራ ፍንጣሪው ለጊዜው ይጨምራል፤ ሰውነት ይህን አይቶ ጠባቂዎቹን ያበዛል። ኢስትሮጅን ሲያደርገው ከነበረው ሥራ የተወሰነው በዚህ መንገድ ይሸፈናል። ካሉት ምርጫዎች ሁሉ ለማንኛዋም ሴት፣ ሆርሞን ለማትችለውም ጭምር፣ የሚሆነው ይህ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ አያስወጣም ለምትሉ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድም ይቆጠራል።

ወንዶችስ?

«እኔም የወንድ ሆርሞን ልወጋ ወይ» የሚሉ ጋሼዎች አሉ። ቴስቶስትሮን አንጎል ውስጥ በከፊል ወደ ኢስትሮጅን ይለወጣል፤ የወንዱ አንጎል ጥበቃ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ነገር ግን ባለ ሁለት ስለት ነው። በሴል ጥናት፣ ቀድሞ ኦክሲዳቲቭ ስትረስ ባለበት ሴል ላይ ቴስቶስትሮን ሲጨመር ጉዳቱን አባብሷል። በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ፣ ሆርሞናቸው ዝቅ ላለና መርሳት ለጀመራቸው ወንዶች ለአንድ ዓመት ሰጥቶ የማስታወስ ለውጥ አላየም። ልጅ መውለድ ለሚፈልግ ወንድ ደግሞ ከውጭ የሚሰጠው መርፌ የወንድ ዘር መመረቱን ሊያቆመው ይችላል። ደም ሳትመረመሩ አትወጉ።

ከመምረጥ በፊት

መርሳት ሁሉ ከማረጥ አይመጣም። እንቅርት፣ ደም ማነስ፣ ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፣ ድባቴ፣ ግፊት፣ ሁሉም ያስረሳሉ። ሁሉም ይመረመራሉ፣ ይታከማሉም።

የእትዬን ግፊት ለካሁት። 150 በ95። አምስት ደቂቃ አሳርፌ ደገምኩት፤ ብዙም አልወረደም። ግፊት ሳይስተካከል ሆርሞን አይጀመርም። ቀድሞ መታየት ያለበት ይህ ነው አልኳቸው። ከዚያ ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ቀደድኩና ጀርባው ላይ፣ እየጠየቅኳቸው፣ ለሐኪሙ ጻፍኩላቸው።

ዕድሜ 52። አበባ ከቆመ ሁለት ረመዳን። ላብ፣ ሌሊት ሦስት ጊዜ። ግፊት 150/95። ማህፀን አለ። የጡት ካንሰር በእሳቸውም በእናታቸውም የለም። ደም የረጋ የለም። ቡና፣ ጠዋትና አሥር ሰዓት። ቫይታሚን ኢ 400፣ ገና አልተከፈተም።

አንብቤ አሰማኋቸው። «ጫት አይቅሙም አይደል?» አልኩ። ትንሽ ዝም አሉ። «ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ» አሉ። እሱንም ጨመርኩት።

ወረቀቱን አጥፈው የሻርፓቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት። ጠርሙሶቹን ወደ ፌስታሉ መለሱ።

«ታዲያ መቼ ልሂድ?»

«ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት ካርድ ያውጡ፣ እትዬ። ቡናውን ከመጠጣትዎ በፊት ይለኩ፤ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል።»